አመድ አፋሾቹ

ስለ «ዘ ግሬት ጋትስቢ» ሰሞኑን ብዙ ተባለ። በውይይት ክበባችን ተባለ፣ በሻይ ቤት ተባለ፣ መብራት ከጠፋም በኋላ በመኝታ ክፍል ተባለ። መጽሐፉ አጭር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል። ስለዚህም ሁሉም አንብቦታል፣ ያላነበበውም አንብቤዋለሁ ይላል። ከዚህ ሁሉ ወሬ መካከል ግን አንድ ስም እስኪጠራ ስንጠብቅ ሳይጠራ ቀረ፤ የጆርጅ ዊልሰን ስም። ስለ አረንጓዴው መብራት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲተነተን፣ ስለ ሕልም፣ ስለ ፍቅር፣ ስለማይመለሰው ጊዜ ሲዘመር፣ ጋትስቢን ተኩሶ የገደለውን ሰው በስሙ የጠራው አልነበረም። አንድ ወንድማችን ብቻ «ያ እብዱ መካኒክ» ብሎ አለፈው። «እብዱ» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ወረድ ብለን እናሳያለን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ዝምታ መልስ ነው፤ ለጠብ ነው እንጂ ለምስጋና አልተጻፈም።

ክርክሩ በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን፣ የሕልመኞች ወገን እንበለው፣ ጋትስቢን የሰው ልጅ ሁሉ ምሳሌ ያደርገዋል። ከምንም ተነሥቶ፣ ለአንዲት ሴት ሲል ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ገዝቶ፣ በመጨረሻ ዕድል የከዳችው ምስኪን። «ሁላችንም ጋትስቢ ነን» ተባለ፣ ተጨበጨበም። ሁለተኛው ወገን፣ የተቆጪዎች ወገን፣ ደግሞ ተነሥቶ «የሀብታሞች ዳንኪራ ለእኛ ምናችን ነው? አንድ ወዛደር የሌለበት፣ አንድ አድማ የማይታይበት መጽሐፍ ምን ያደርግልናል? ይጣል!» አለ። ሁለቱ ወገኖች ለድብድብ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እኛ ግን ስናያቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ከጋትስቢ ግብዣ አልወጡም፤ አንደኛው እዚያው ይጨፍራል፣ ሁለተኛው በር ላይ ቆሞ ይሳደባል። ከግብዣው ወጥቶ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ መንገድ ላይ ያለው አመድ ሜዳ ላይ የወረደ አንድም የለም። «ወዛደር የለበትም» ላሉት በተለይ እናዝናለን። አለ እንጂ! ያውም ሽጉጥ ይዞ አለ።

ላላነበቡትና አንብበናል ለሚሉት ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ፍራንሲስ ስኮት ፊትዝጄራልድ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው (ከዚህ በኋላ የምንጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1922 በጋ ነው፤ የእነሱ በጋ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ሎንግ አይላንድ ላይ ሁለት የሀብታም መንደሮች ውሃ ለይቷቸው ይተያያሉ። በኢስት ኤግ በኩል ሀብት ከአባት ከአያት የወረሱ አሉ፤ በዌስት ኤግ በኩል ደግሞ ትናንት ያገኙ። ቶም ቡካናንና ሚስቱ ዴዚ ከወዲያ ማዶ ናቸው። ቶም በሰርጉ ዋዜማ 350,000 ዶላር የሚገመት የዕንቁ ሐብል ለሙሽራዋ የሰጠ ሰው ነው። ጄይ ጋትስቢ ከወዲህ ነው። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል ሽያጭ በሕግ በተከለከለበት ዘመን በመድኃኒት ቤቶች ጀርባ አልኮል እየቸረቸረ የከበረ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ወታደር ሳለ የወደዳትን ዴዚን ለመመለስ በየሳምንቱ ድግስ ይደግሳል። ታሪኩን የሚነግረን ኒክ ካራዌይ ነው፤ የዴዚ ዘመድ፣ የቶም የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ የጋትስቢ ጎረቤት። ይህን ያህል ይበቃል።

አሁን ወደ አመዱ እንሂድ። በመንደሮቹና በከተማው መካከል ባቡሩም መኪናውም የግድ የሚያልፍበት ስፍራ አለ፤ መሬቱም ቤቱም ሰዉም በአመድ የተሸፈነ። ይህ ከደራሲው ራስ የፈለቀ ተረት አይደለም። ኩዊንስ ውስጥ የነበረ የኮሮና አመድ መጣያ ነው። የብሩክሊን ሰው ቤቱን ያሞቀበት የድንጋይ ከሰል ነድዶ ሲያልቅ አመዱ በባቡር እየተጫነ የሚደፋው እዚያ ነበር። ፊትዝጄራልድ ከ1922 እስከ 1924 ግሬት ኔክ ሲኖር ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ በዚያ ነው። በኋላ አመዱ ተደለደለና በ1939 የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተበት፤ የኤግዚቢሽኑም መሪ ሐሳብ «የነገው ዓለም» የሚል ነበር! ዛሬ መናፈሻ ነው። እንግዲህ አስቡት። አንዱ ይሞቃል፣ አመዱ ሌላው ላይ ይደፋል። በአገራችን ለሰው ደክሞ ውለታ ያጣ ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ይላል። ዊልሰንና ሚስቱ ቃል በቃል አመድ አፋሾች ናቸው፤ የሞቃቸው ሌሎች ናቸው።

ጆርጅ ዊልሰን በዚያ አመድ ዳር ጋራዥ አለው። ጋራዥ ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ባዶ ግድግዳና አቧራ የለበሰ አንድ የተሰባበረ ፎርድ ነው። ከጋራዡ በላይ ባለው ቤት ከሚስቱ ከሚርትል ጋር 11 ዓመት ኖሯል። የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ቶም ቡካናን አሮጌ መኪናውን ይሸጥለትና እሱ አትርፎበት እፎይ እንዲል። ቶም ይህችን መኪና እንደ ሥጋ ቁራጭ ያንጠለጥልበታል። ለሳምንት ይለዋል፣ ይቀጥረዋል። ዊልሰን ዘገየብኝ ብሎ ትንሽ ሲያጉረመርም «እንግዲያው ለሌላ እሸጣታለሁ» ዓይነት መልስ ይሰጠዋል፤ ዊልሰንም ወዲያው አፉን ይይዛል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቶም የመጣው ስለ መኪና አይደለም፤ የሰውየውን ሚስት ቀጥሮ ሊሄድ ነው። የመኪናው ወሬ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ባልየውን ያስጎመዣል፣ ለውሽማው ደግሞ መምጫ ሰበብ ይሆነዋል። ይህን «የፍቅር ሦስት ማዕዘን» ብለው የሚያስተምሩን አሉ። ምኑ ነው ፍቅር? አንዱ ወገን የሌላውን እንጀራ በእጁ ይዞ ሲደራደር ፍቅር አይባልም። ጌታና ጥገኛ ነው የሚባለው።

ሚርትልም ብትሆን ቅድስት አይደለችም፤ ቅድስት እንድትሆንም አንፈልግም። ባሏ ለሰርጉ የለበሰው ሙሉ ልብስ የተውሶ እንደ ነበረ ያወቀችበትን ቀን አትረሳም። ባለቤቱ ሊወስድ መጣ፤ አውጥታ ሰጠችው፤ ከዚያም ተኝታ ስታለቅስ ዋለች። «አመድ በዱቄት ይስቃል» እንላለን፤ እዚህ ግን አመድ በአመድ ነው የሚስቀው። ቶም በተከራየላት አፓርታማ ገብታ ልብስ ስትለውጥ ጠባይዋም አብሮ ይለወጣል፤ በረዶ አምጣ የተባለ ልጅ ቢዘገይባት ስለ ዝቅተኛው ሕዝብ ስንፍና ቅንድቧን ሰቅላ ታማርራለች። ከአንድ ከሁለት ሰዓት በፊት እኮ ከጋራዡ ደረጃ የወረደች ሴት ናት! ከዚያ ምን ሆነ? የዴዚን ስም ደጋግማ ጠራች፤ ቶም በጥፊ አፍንጫዋን ሰበረው። ለዴዚ የ350,000 ዶላር ሐብል፣ ለሚርትል የ10 ዶላር ቡችላና የተሰበረ አፍንጫ። ሒሳቡን እኛ አልፈጠርነውም፤ ደራሲው ቁጥሩን ጽፎ አስቀምጦልናል፤ የሚደምር ጠፋ እንጂ።

አሁን ሰባተኛውን ምዕራፍ አብረን በዝግታ እንይ፤ ሁሉም ነገር እዚህ አለ። በዚያ በሚያቃጥል ቀን ቶም የጋትስቢን ቢጫ መኪና እየነዳ ወደ ከተማ ሲሄድ ዊልሰን ጋር ቤንዚን ይቀዳል። ሚርትል ከላይ ከመስኮት ታየዋለች። ባሏ አንድ ነገር ሸትቶት ቆልፎባታል፤ ገንዘብ አግኝቶ ይዟት ወደ ምዕራብ ሊሄድ ነው። ማታ ያች ቢጫ መኪና ስትመለስ ሚርትል «የቶም ናት» ብላ እየሮጠች መንገድ መሐል ትገባለች። መሪውን የያዘችው ግን ዴዚ ናት፤ ጋትስቢ ከጎኗ ነው። ከፊት ለፊት ሌላ መኪና ይመጣል። ጋትስቢ በኋላ እንደሚናገረው፣ ዴዚ መጀመሪያ ከሴትዮዋ ርቃ ወደሚመጣው መኪና አዘነበለች፤ ከዚያ ፈራችና መለሰችው። ከመኪናው ጋር ብትጋጭ ራሷ ልትጎዳ ነው፤ ወደ ሴትዮዋ ብትመልስ ሴትዮዋ ነች የምትጎዳው። ይህን እንደ ትራፊክ አደጋ ብቻ ያነበበ ሰው አላነበበም። ዴዚ አልቆመችም። ያን ሌሊት ከባሏ ጋር በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትታያለች፤ መሐላቸው የቀዘቀዘ የዶሮ ጥብስና ሁለት ጠርሙስ ቢራ አለ። ጋትስቢ ውጭ ቆሞ እሷን ይጠብቃል! ምን እንዳይደርስባት ይሆን? የሞተችው ሴት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ተጋድማለች። እሱ የሚጨነቀው ለዴዚ ነው።

እንግዲህ የመጽሐፉ ዋና ወንጀል የት ነው ያለው? ሕልመኞቹ «ዕጣ ፈንታ» ይሉናል። እኛ ቦታውን በጣታችን እናሳያለን። ቶም አደጋው ወደ ደረሰበት ጋራዥ ሲገባ በሐዘን ያበደውን ዊልሰንን ይዞ የሚነግረው የመጀመሪያ ነገር፣ ከሰዓት በኋላ ስነዳት የነበረችው ቢጫ መኪና የኔ አይደለችም የሚል ነው። ሬሳው ገና አልቀዘቀዘም። በማግሥቱ ዊልሰን ሽጉጡን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ቤቱ ሲመጣበት ደግሞ የመኪናዋን ባለቤት ስም ይሰጠዋል። ቶም በበኩሉ እውነቱን ነው የነገርኩት ይላል፤ መኪናዋ በርግጥ የጋትስቢ ናት፣ ነጂውም ጋትስቢ ነው ብሎ ያምናል። እሺ፣ ይሁን። ያልተናገረውስ? ዊልሰን እኮ ሚስቱን የገደላት ያው ውሽማዋ ነው ብሎ ነው የወጣው። ውሽማዋ ማን እንደ ሆነ ከቶም የበለጠ የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም። አንዲት ቃል ቢጨምር ሽጉጡ ወደ ራሱ ይዞር ነበር፤ ስለዚህ አልጨመራትም። ዊልሰን ወጣ፤ ሄዶ ጋትስቢን በመዋኛው ውስጥ ገደለ፤ ራሱንም አጠገቡ ሣር ላይ ገደለ። ቶም እጁን አልሰነዘረም፣ አምስት ሳንቲም አልከፈለም፣ አንድ ሕግ አልጣሰም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱን ሊነጥቀው የመጣው ባላንጣም፣ ሚስቱን የነጠቀው ባልም ተወገዱለት፤ አንዱን የድሃ ልጅ በሌላው የድሃ ልጅ። ጋትስቢም እኮ የድሃ ልጅ ነው፤ የሰሜን ዳኮታ ያልተሳካላቸው ገበሬዎች ልጅ ጄምስ ጋትዝ!

ከዚያ ፍርድ መጣ፤ «እብዱ» የሚለውም ቃል የተወለደው እዚህ ነው። በምርመራው ላይ የሚርትል እኅት ካትሪን ቀርባ እኅቴ ከባሏ ጋር ደስተኛ ነበረች፣ ጋትስቢን አይታው አታውቅም ብላ ማለች። ዊልሰን በሐዘን አእምሮው የተነካ ሰው ተብሎ ተመዘገበ፤ ጉዳዩ ቀላል ሆኖ እንዲዘጋ። ተዘጋም። ልብ በሉ፣ ዊልሰን እብድ ከሆነ ምክንያት አያስፈልግም፤ ምክንያት ካላስፈለገ ቶምም ዴዚም አይጠሩም። አንድ ቃል መዝገብ ላይ በመጻፉ አንድ ትልቅ ቤት ሙሉ ንጹሕ ሆነ። ያንን ቃል ነው እንግዲህ ወንድማችን መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በክበባችን መሐል፣ ደራሲው በግልጽ ካጋለጠውም በኋላ፣ እንደ ራሱ ሐሳብ አድርጎ የተናገረው። የቶም ጠበቃ ሆኖ መቅረቡን አላወቀም። ደመወዝ እንኳ አልተከፈለውም።

ምርመራው ሲካሄድ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ዝም አለ። ኒክ ካራዌይ። ዴዚ እንደ ነዳች ጋትስቢ ነግሮታል። እሱ ራሱን በጣም ሐቀኛ ሰው ነኝ ይለናል፤ እኛም እናምነዋለን፣ ምክንያቱም ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ያዝናል፣ ይፈላሰፋል። ለመሆኑ ማን ነው ኒክ? ቤተሰቡ በጅምላ የብረታ ብረት ንግድ የከበረ ነው። ንግዱን የጀመረው የአያቱ ወንድም የእርስ በርስ ጦርነት በመጣ ጊዜ በምትኩ ሌላ ሰው ልኮ እሱ ሱቁን ከፈተ። በ1863 የወጣው የሰሜኑ የምልመላ ሕግ ይህን ይፈቅድ ነበር፤ ምትክ ማቅረብ ወይም 300 ዶላር መክፈል። የተላከው ሰው ስም መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ይሙት ይኑር አይታወቅም። ኒክ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እንደ ቤተሰብ ቀልድ ይነግረንና ያልፋል። በኋላ ቶምን መንገድ ላይ ሲያገኘው ምን አደረገ? በመጀመሪያ እጁን ነሣው። ከዚያ ግን እውነቱን ሳይነግረው ጨበጠው፤ ልጅ እንደ መጨበጥ ቆጠረው። ቶምም ወደ ጌጣ ጌጥ መደብር ገባ፤ ምናልባት ሌላ የዕንቁ ሐብል ሊገዛ። ይህ ጭብጨባ ለእኛ ከጋትስቢ ሞት ይልቅ ያስቆጣናል። የአንድ ክፍል ልጆች በመጨረሻው ሰዓት ይተዋወቃሉ።

የኒክን ዓይን ለመፈተን ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ እናሳያችሁ፤ በክርክሩ ማንም ያላነሣው ነገር ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ኒክ ወደ ጋትስቢ ግብዣ የመጡትን ሰዎች ስም ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩ ያዝናናል፣ ብዙ ተስቆበታል። ስሞቹን የጻፈው በምን ላይ ነው? በባቡር የጊዜ ሰሌዳ ኅዳግ ላይ። የሰሌዳው ራስጌ ከጁላይ 5 ቀን 1922 ጀምሮ የሚሠራ ይላል። አሁን ወደ ታሪክ መጽሐፍ ዙሩ። ከዚያች ቀን አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 1 ቀን 1922፣ የአሜሪካ የባቡር ጥገና ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር፤ ወደ 400,000 የሚጠጉ መካኒኮች፣ ቦይለር ሠሪዎች፣ አንጥረኞች። ምክንያቱ የመንግሥት ቦርድ ደመወዛቸው እንዲቀነስ መወሰኑ ነው። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችም ከኤፕሪል ጀምሮ አድማ ላይ ነበሩ። በሴፕቴምበር የፌዴራል ፍርድ ቤት የአድመኞቹን እጅ የሚያስር ትእዛዝ አወጣ፤ የባቡሩ አድማም ተሰበረ። ከሰል ቆፋሪውና የባቡር መካኒኩ ሥራ ባቆሙበት በጋ፣ ባቡር እየተሳፈረ በከሰል አመድ መሐል የሚመላለሰው ኒክ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የባቡሩን ወረቀት ግን የእንግዶች መዝገብ አደረገው። ፊትዝጄራልድ ይህን አስቦ ነው ያደረገው አንልም፤ የማናውቀውን አንናገርም። ቀኑ ግን እዚያው ታትሟል።

ሌላም አለ። በጋትስቢ ቤት በየዓርቡ ብርቱካንና ሎሚ በሣጥን ይገባል፤ ሰኞ ልጣጩ ክምር ሆኖ ይወጣል። የ200 ብርቱካን ጭማቂ በግማሽ ሰዓት የሚያወጣ ማሽን አለ፤ የአሳላፊው አውራ ጣት አንዲት ቁልፍ 200 ጊዜ ከተጫነ! ሰኞ ሰኞ ስምንት ሠራተኞች መወልወያና መዶሻ ይዘው ያለፈውን ሌሊት ፍርስራሽ ሲጠግኑ ይውላሉ። ኒክ ራሱ፣ በወር 80 ዶላር ተከራይቶ የሚኖረው ምስኪኑ ኒክ፣ አልጋውን የምታነጥፍ፣ ቁርሱን የምትሠራ አንዲት የፊንላንድ ሴት አለችው። በመጽሐፉ ሙሉ ስም የላትም። ዴዚ ለሻይ የምትመጣ ዕለት ሴትዮዋን ፍለጋ ዝናብ በመታው የድሆች መተላለፊያ ሲዞር ይታያል፤ ፍለጋው ስለ ሻዩ ነው። እንግዲህ «ወዛደር የለበትም» ላላችሁን ወንድሞች፣ አውራ ጣቱን ቁጠሩልን።

አሁን ደግሞ «ሁላችንም ጋትስቢ ነን» ወደሚለው። እዚህ ላይ ነገሩ ስለ አሜሪካ ብቻ አይሆንም፤ ስለዚህ ነው የተቆጣነው። ጄምስ ጋትዝ በ17 ዓመቱ ስሙን ለወጠ፤ አባትና እናቱን በሐሳቡ እንደ ወላጆቹ አልተቀበላቸውም ነበር። ያሠለጠነው ዳን ኮዲ የሚባል የማዕድን ቱጃር ሲሞት 25,000 ዶላር ተናዘዘለት፤ በሕግ መንገድ ተከልክሎ አንድ ዶላር አልደረሰውም። በ1917 ወደ ዴዚ ቤት የገባው በወታደር ልብስ ነው፤ ልብሱ መደቡን ሸፈነለት፣ እሱም እኩያሽ ነኝ ብላ እንድታምን ተዋት። ከዚህ ሁሉ የተማረው ምንድን ነው? በሩ ለምን ተዘጋ ብሎ አልጠየቀም፤ ቁልፉን በምን ልግዛ አለ። አባቱ፣ ሽማግሌው ሄንሪ ጋትዝ፣ ከሚኔሶታ ለቀብሩ የመጣው የልጁን ቤት ፎቶግራፍ ከቤቱ ከራሱ በላይ እየተኩራራበት፣ እየደጋገመ እያሳየ ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን የገበሬ ልጆች ነን? ስንቶቻችን አባቶቻችን ግቢ በር ላይ ሲመጡ ቶሎ ብለን ወደ ጎን ወስደናቸዋል? ጋትስቢ ነን ማለት ይህንንም ነን ማለት ነው፤ የተጨበጨበው ግን ለሸሚዞቹ ነው። በመጨረሻ ያ ሁሉ ሸሚዝ ምን አደረገለት? ከተማ ላይ በሆቴል ክፍል ውስጥ ቶም ማንነቱን ሲያወጣበት፣ ዘሩ የማይታወቅ ከየት መጣህ የማይባል ሰው ሲያደርገው፣ ዴዚ ተሰብስባ ወደ ራሷ ገባች። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ የቆየው አዲሱን አያቅፍም። ፊትዝጄራልድ ይህን ከሩቅ አልሰማውም፤ በ1919 እጮኛው ዜልዳ መተዳደሪያው ስላላስተማመናት ቃሏን አጥፋ፣ በ1920 የመጀመሪያ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ነው ያገባችው።

ስለ ቶም የዘር ንግግር ብዙ አንልም፤ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ እራት ላይ ነጭ ዘር ሊዋጥ ነው የሚል መጽሐፍ እያነበበ ይጨነቃል፣ ሳይንስ ነው ይላል። ሰው ይስቅበታል። መጽሐፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1924፣ ያ የሚሳቅበት ሐሳብ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሆኖ ወጥቷል። በሀብታም ማዕድ ላይ የሚነገር ቂልነት እዚያው አይቀርም።

ለተቆጪዎቹ አንድ ነገር ቀርቶናል። «ስታይንቤክን እናንብብ» ብላችኋል። እናንብብ! በ1939 የወጣው የስታይንቤክ መጽሐፍ የኦክላሆማ ገበሬዎች በባንክና በትራክተር ከመሬታቸው ተነቅለው ካሊፎርኒያ ድረስ ሲንከራተቱ ያሳያል፤ እኛም ወደነዋል። እዚያ ግን ጠላት ደረቱ ላይ ስሙን ለጥፎ ነው የሚመጣው፤ አንባቢው የሚሳሳትበት የለም። በጋትስቢ መጽሐፍ ጠላት ቆንጆ ድምፅ አለው፣ እራት ይጋብዛል፣ ዘመድ ነው። በሕይወታችን የሚገጥመን የቱ ይመስላችኋል? «ደራሲው ራሱ የሀብታም ወዳጅ ነበር» የሚለውም ክስ ግማሽ እውነት ነው። ሀብታሞችን ይቀናባቸው ነበር፤ ያጠናቸውም ስለሚቀና ነው። ያው ሰው በዕድሜው መጨረሻ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ከማርክስ «ካፒታል» ስለ ሥራ ቀን የሚናገረውን ምዕራፍ እንድታነብ መክሯታል። በ1940 ሲሞት፣ በ1925 ታትሞ ያልተሸጠ የዚሁ መጽሐፍ ቅጂ ገና መጋዘን ነበር፤ በ1945 ግን ወደ 155,000 ቅጂ ለአሜሪካ ወታደሮች በነፃ ታደለ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በአገሩ የደራሲ መብቱ አልቋል፤ ማንም ሊያባዛው ይችላል። እንግዲህ «የሀብታሞች መጽሐፍ ነው» ብላችሁ ለሀብታሞች አትተዉላቸው።

ለሚቀጥለው ውይይት ሐሳብ እናቀርባለን። አረንጓዴው መብራት ለአንድ ቀን ይረፍ። ስምንተኛውን ምዕራፍ ይዘን እንምጣ፤ በእንግሊዝኛው የሚቸገር ካለ አብረን እንተረጉመዋለን። እዚያ ከጋራዡ አጠገብ ቡና ቤት ያለው ሚካኤሊስ የሚባል ግሪካዊ ወጣት አለ። ሚርትል በሞተች ሌሊት ሰዉ ሁሉ ሲበተን እሱ ከዊልሰን ጋር ቀረ። አልጋ ወንበሩ ላይ ሲወዛወዝ አደረ፣ ይህም ሰው ዓይኑን አልከደነም። ልጅ ወልደህ ታውቃለህ ወይ ይለዋል፤ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የለህም ወይ ይለዋል፤ የሚለው ሲያጣ ዝም ይላል። ስለዚህ ሰው በክበባችን አንድም ቃል አልተነገረም። ሲነጋ ለሦስት ሰው ቁርስ ሠራ፤ የበሉት ግን ሁለት ናቸው። ከዚያ እንጀምር።